ተክል ሲራብ ምን ያደርጋል?
ስለ ሩዝና ስለ ፎስፎረስ የቀረበ አጭር ጥናት

ሰው ሲራብ ቀዬውን ለቅቆ ይሰደዳል፤ ከብትም ሣርና ውሃ ወዳለበት ይነዳል። ተክል ግን በተዘራበት ቦታ ተወስኖ የሚኖር ፍጡር ስለ ሆነ፣ ምግብ ቢጎድልበት ከቆመባት ከዚያችው መሬት ላይ መላ መፈለግ አለበት። ይህ መላ ምን እንደ ሆነና እኛን ምን እንደሚያስተምረን ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ለምሳሌ የመረጥሁት ተክል ሩዝ ነው፤ የረኃቡም ዓይነት የፎስፎረስ ረኃብ ነው። ሩዝን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከዓለም ሕዝብ እኩሌታ ለሚሆነው ዋና ምግብ በመሆኑ ሊቃውንት አጥብቀው የመረመሩት ተክል ነው። ሁለተኛ፣ በአገራችን በፎገራ ሜዳ ከአርባ ዓመት በላይ ሲዘራ የቆየና የብዙ ገበሬዎች ኑሮ የተመሠረተበት እህል ነው። ከሩዝ የምንማረው ትምህርት ግን በፎገራ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ ለሚበቅሉት ለጤፍ፣ ለስንዴና ለሽምብራም የሚሠራ መሆኑን ወደ መጨረሻው እናያለን።

ፎስፎረስ ምንድን ነው?

ፎስፎረስን በመጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሐምቡርግ ከተማ ሰው ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1669 ከሰው ሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ብዙ ሽንት ሲያፈላና ሲያነጥር፣ በጨለማ የሚያበራ ነጭ ነገር አገኘ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ብርሃን ተሸካሚ» ማለት ነው። ብራንድ የፈለገውን ወርቅ አላገኘም፤ ነገር ግን ያለ ወርቅ መኖር ሲቻል ያለ ፎስፎረስ አንዲት ሕዋስ እንኳ ልትኖር ስለማትችል፣ ያገኘው ከፈለገው ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ፎስፎረስ በተክል ውስጥ ሦስት ታላላቅ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር መልእክት የተጻፈበት ዲ.ኤን.ኤ. የሚያያዘው በፎስፎረስ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዷን ሕዋስ እንደ አጥር የከበባት ስስ ሽፋን የሚሠራው በአብዛኛው ፎስፎረስ ካለበት ቅባት ነው። ሦስተኛው፣ ተክል ከፀሐይ የተቀበለውን ኃይል ከቦታ ወደ ቦታ የሚያመላልሰው ኤ.ቲ.ፒ. የተባለው ውሑድ ፎስፎረስን የያዘ ነው። ስለዚህ ፎስፎረስ የጎደለበት ተክል ኃይሉን የሚያዝበት፣ አካሉን የሚያበዛበት፣ ዘሩንም የሚተካበት ነገር ያጣል።

እዚህ ላይ በፎስፎረስና በናይትሮጅን መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ናይትሮጅን በአየር ውስጥ ሞልቷል፤ ባቄላና አተር የመሳሰሉት እህሎች በሥራቸው ላይ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ወስደው ይጠቀሙበታል። ፎስፎረስ ግን ከአየር አይገኝም። የሚገኘው ከድንጋይ፣ ከአፈር፣ ከአጥንት፣ ከፍግና ከበሰበሰ ነገር ብቻ ነው። ከመሬት የተወሰደው ካልተመለሰ፣ የሚተካው ከድንጋይ እጅግ በዝግታ እየሟሟ የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው።

በአፈር ውስጥ ሳለ ስለምን ይጠፋል?

አፈር ቢመረመር በውስጡ ያለው ጠቅላላ ፎስፎረስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አይደለም። ችግሩ የሚሟሟው፣ ማለትም ሥር ሊጠጣው የሚችለው፣ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። በአፈር ውሃ ውስጥ ካለው ይልቅ በተክል ሕዋስ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ተክሉም ያንን ጥቂት እየለቀመ ወደዚህ ወደ ብዙ ማድረስ አለበት።

ቀሪው ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። እንደ ጎጃምና እንደ ወለጋ ባሉ ዝናብ በሚበዛባቸው አገሮች በሚገኘው ቀይና ኮምጣጣ አፈር ውስጥ የሚያስሩት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። ኮምጣጣነት በሌለበት በብዙው ጥቁር አፈር ውስጥ ደግሞ በተለይ ካልሲየም ያስረዋል። ነገሩ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቁልፉ ጠፍቶበት የሚራብ ባለቤትን ይመስላል።

ከዚህም በቀር ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ አይጓዝም ለማለት ይቻላል። ናይትሬት ከውሃ ጋር እየፈሰሰ ወደ ሥር ይደርሳል፤ ፎስፎረስ ግን ከአፈር ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሥር በአጠገቡ ከአንድና ከሁለት ሚሊሜትር ውስጥ ያለውን ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ሌላው ቶሎ አይደርስለትም። ስለዚህ ፎስፎረስ ወደ ሥር እስኪመጣ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ሥር ራሱ ሊሄድለት ይገባል።

ሩዝ በፎገራ

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ የጉማራና የርብ ወንዞች ያቋርጡታል። በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ብዙው ክፍል ቀድሞ ለእህል የሚመች አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ሩዝ ተሞከረ፤ ውሃው ለሌላው እህል መከራ ሲሆን ለሩዝ ግን ተስማማው። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘራ፤ ዛሬ በአካባቢው ሰው ከጤፍ ጋር እየቀላቀለ እንጀራ ይጋግርበታል። በወረታ ከተማም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል።

ውሃ የተኛበት መሬት ለሩዝ የሚያደርግለት አንድ ታላቅ ነገር አለ። አፈር በውሃ ሲሸፈን አየር ስለሚያጣ፣ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅንን በመፈለግ ከብረት ውሑዶች ላይ ይወስዳሉ። በዚህ ጊዜ ብረቱ ይሟሟና አስሮት የነበረውን ፎስፎረስ ይለቅቀዋል። ስለዚህ አንዱ አፈር ደረቅ ሳለ ከሚሰጠው ይልቅ በውሃ ሲሸፈን ለሩዝ የበለጠ ፎስፎረስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ዝናቡ ተቋርጦ መሬቱ ሲደርቅ ብረቱ ወደ ቀድሞው ጠባዩ ተመልሶ ፎስፎረሱን እንደገና ያስረዋል። ውሃ በማይተኛበት ደጋማና ተዳፋት መሬት የሚዘራ ሩዝም ይህን እርዳታ አያገኝም፤ በራሱ መላ መኖር አለበት።

ሩዝ የሚያደርጋቸው መላዎች

አንደኛው መላ አካሉን መወሰን ነው። ፎስፎረስ የጎደለበት ሩዝ አጭር ይሆናል፤ ቅጠሉ ጠባብና ከተለመደው ይልቅ የጠቆረ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ከሥሩ አጠገብ የሚያወጣቸው የጎን አገዳዎች ያንሳሉ፤ መድረሻውም ይዘገያል። ይህ ለገበሬው ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም የአገዳው ቁጥር ሲያንስ የዛላው ቁጥር ያንሳል። ለተክሉ ግን ብልኀት ነው፤ ብዙ ልጆች ወልዶ ሁሉንም ከማስራብ ጥቂቶችን አሳድጎ ለፍሬ ማብቃት ይሻለዋልና።

ሁለተኛው መላ ያለውን ምግብ ወደ ሥር ማዞር ነው። የተራበ ሩዝ ከላይ ያለውን አካል ቀንሶ ከምግቡ ብዙውን ድርሻ ለሥሩ ይሰጣል። በሥሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይረዝማሉ፤ ይበዛሉም። እነዚህ ፀጉሮች እጅግ ቀጫጭን ስለ ሆኑ በጥቂት ምግብ ብዙ አፈር ይዳስሳሉ። ፎስፎረስ በብዛት የሚገኘው ከላይኛው አፈር ውስጥ በመሆኑ፣ ጥልቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን የሚዘረጋ ሥርም ለዚህ ሥራ ይጠቅማል።

ሦስተኛው መላ የታሰረውን መፍታት ነው። ሥር ኮምጣጣ ነገሮችንና ልዩ ልዩ ኢንዛይሞችን ወደ አፈር ያፈሳል። ኮምጣጣው ከማዕድን ጋር የታሰረውን ሲያሟሟ፣ ኢንዛይሙ ደግሞ በበሰበሰ ነገር ውስጥ ያለውን ይለያል። በውሃ ውስጥ የቆመ ሩዝ ደግሞ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በአካሉ ውስጥ ስላሉት፣ በሥሩ በኩል ኦክሲጅን ወደ አፈር ያስወጣል፤ ይህም ኦክሲጅን በሥሩ አጠገብ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ያን ቦታ ኮምጣጣ ስለሚያደርገው የፎስፎረስ መሟሟት ይጨምራል።

አራተኛው መላ ቁጠባ ነው። የተራበው ተክል ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ፎስፎረስ ያለበትን ቅባት እያነሣ በምትኩ ስኳር ወይም ድኝ ያለበትን ቅባት ያስገባል። ያረጁትን ቅጠሎችም እያፈረሰ በውስጣቸው ያለውን ፎስፎረስ ለወጣቶቹ ቅጠሎችና ለፍሬው ያስተላልፋል። ስለዚህም የረኃቡ ምልክት አስቀድሞ የሚታየው በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ነው።

አምስተኛው መላ ረዳት መጥራት ነው። በአፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተጎዳኝተው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ እንደ ድር በቀጠነ አካላቸው ሥር ከማይደርስበት ፎስፎረስ አምጥተው ለተክሉ ይሰጡታል፤ እርሱም በፋንታው ስኳርና ቅባት ይመግባቸዋል። ይህ ጉርብትና የሚጠነክረው ውሃ ባልተኛበት መሬት ላይ ነው። ሩዝ በፎስፎረስ ሲራብ ስትሪጎላክቶን የተባለ ነገር በሥሩ አብዝቶ ይሠራል፤ ይህም ወደ አፈር ሲፈስ ፈንገሶቹን ይጠራል፤ በተክሉ ውስጥ ደግሞ የጎን አገዳዎች እንዳይበዙ ያደርጋል። ፈንገሶቹን የሚጠራ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ቅርንጫፍን የሚቆጣጠር ሆርሞን መሆኑ ደግሞ በ2008 ታወቀ።

ጥሪውን ጠላትም ይሰማዋል

ይሁን እንጂ መላ ሁሉ ዋጋ አለው። በሰሜን ኢትዮጵያ የማሽላ ገበሬ አቀንጭራን በሚገባ ያውቃታል። ይህች ሐምራዊ አበባ ያላት አረም የእህሉን ሥር ይዛ ምግቡን የምትመጥ ናት። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃውም የእህል ሥር ያፈሰሰውን ስትሪጎላክቶን ሲያገኝ ነው። እንግዲህ የተራበው ተክል ወዳጁን ለመጥራት ያሰማውን ድምፅ ጠላቱ ሰምቶ ይመጣበታል ማለት ነው። አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ የምትበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ ረገድ የአገራችን ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የሠሩት ሥራ ሊጠቀስ ይገባል። እርሳቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከመቋቋሚያ መንገዶቹ አንዱ ሥሩ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያፈስ ማሽላ መምረጥ ነው።

የካሳላት ሩዝ ምሥጢር

ሩዞች ሁሉ ረኃብን እኩል አይችሉም። ካሳላት የሚባል ከሕንድ አገር የተገኘ የቆየ ዝርያ አለ። ምርቱ ከአዲሶቹ ዝርያዎች ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ በደከመ መሬት ላይ እነርሱ ሲጫጩ እርሱ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ማቲያስ ቪሱዋና ባልደረቦቹ ይህ ጠባይ ከየትኛው የዘር ክፍል እንደሚመጣ ለዩ። ከዚያም በ2012 በፊሊፒንስ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም በሲግሪድ ሖየር የተመራው ቡድን ጂኑን ራሱን አግኝቶ ገለጠ። ስሙንም «ፒ-ስቶል አንድ» ብለው ጠሩት።

እጅግ የሚያስደንቀው ጂኑ በብዙዎቹ ዘመናዊ ዝርያዎች ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። ይህም የሆነው አዲሶቹ ዝርያዎች ሲመረጡ የነበሩት ማዳበሪያ በሚጨመርበት ለም መሬት ላይ ስለ ነበረ፣ ረኃብን የሚችለው ጠባይ እንደማያስፈልግ ሆኖ በመታለፉ ሳይሆን አይቀርም። ጂኑ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ ተክሉ ገና ሕፃን ሳለ ሥሩ ቶሎና በብዛት እንዲያድግ ያደርጋል። ሥሩ አስቀድሞ የበዛ ተክል ብዙ አፈር ይዳስሳልና ፎስፎረስን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ምግብ ያገኛል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። በየገበሬው ጎተራ ያለው የድሮ ዘር ምርቱ ጥቂት ነው ተብሎ መጣል የለበትም፤ በውስጡ ምን ዓይነት ጠባይ ተሰውሮ እንዳለ ገና ያልተመረመረ ነውና።

ግብጦና ሽምብራ

የታሰረውን ፎስፎረስ በመፍታት ከሩዝ እጅግ የሚበልጥ አንድ ተክል በአገራችን አለ፤ እርሱም ግብጦ ነው። ግብጦ በጎጃም፣ በተለይም በአዊና በምዕራብ ጎጃም፣ በደከመ መሬት ላይ በጥቂት እርሻ ይዘራል። ፍሬው መራራ ስለ ሆነ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በውሃ ውስጥ ቀናት ከቆየ በኋላ ይበላል። ብዙ ሰው የድኻ ምግብ ብሎ ይንቀዋል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ግን የፎስፎረስን ረኃብ ለማጥናት ከሚመርጧቸው ተክሎች ዋነኛው እርሱ ነው። ግብጦ ፎስፎረስ ሲጎድልበት እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተጨፈጨፉ አጫጭር ሥሮች ያወጣል። ከእነርሱም በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን የሲትሪክ አሲድ በብዛት ያፈስሳል፤ አሲዱም ከብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከካልሲየም ጋር የታሰረውን ፎስፎረስ ይፈታል።

በእኛ በአቃቂና በአድአ አገር ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ፣ መረሬው ያቆረውን እርጥበት ይዞ የሚበቅለው ሽምብራ አለ። የሽምብራም ሥር እንደዚሁ ኮምጣጣ ነገሮችን ያፈስሳል። አባቶቻችን ሽምብራን ከጤፍና ከስንዴ ጋር እያፈራረቁ የሚዘሩት የኬሚስትሪ መጽሐፍ አንብበው አይደለም፤ ከጥራጥሬ በኋላ የተዘራ እህል እንደሚያምር በዓይናቸው አይተው ነው። ሳይንስ ያደረገው የልማዱን ምክንያት መግለጥ ነው።

ሥር ዕዳን አይከፍልም

ከዚህ በላይ የተባለውን ያነበበ ሰው፣ «እንግዲያውስ እነዚህን ብልኅ ተክሎች ብንዘራ ማዳበሪያ ምን ያስፈልገናል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በሒሳብ ማየት ይሻላል።

ከአንድ ኩንታል የሩዝ ፍሬ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ግራም የሚሆነው ፎስፎረስ ነው። አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር 40 ኩንታል ቢያገኝ፣ ከመሬቱ ላይ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ፎስፎረስ ወሰደ ማለት ነው። ገለባው ለከብት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። በአገራችን ዳፕን ተክቶ የነበረው ኤን.ፒ.ኤስ. የተባለው ማዳበሪያ በአንድ ኩንታል ውስጥ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ ፎስፎረስ አለው። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት እህሉ ከዚህ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከሩብ አይበልጥም፤ ቀሪው በአፈሩ ይታሰራል። ስለዚህ ብልኅ ሥር የሚጠቅመን፣ የታሰረውን የቀድሞ ሀብት አውጥቶ እንዲሠራ ስለሚያደርግና የተጨመረውም በከንቱ እንዳይቀር ስለሚረዳ ነው። ሥር ፎስፎረስን አይፈጥርም። ብርቱ ሥር ያለው ተክል እየተዘራ ምንም ካልተመለሰ፣ ጎተራው ቀድሞ ከሚያልቅበት ጊዜ ይልቅ ፈጥኖ ያልቃል።

ማዳበሪያውም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። በዓለም ካለው የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው በሞሮኮ ሥር ነው። እኛ ማዳበሪያውን የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ንሮ ገበሬውን አስጨንቆታል። ስለዚህ ጥቂቱን በብልኀት ማዋል ያስፈልጋል። ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ ስለማይጓዝ፣ ማዳበሪያውን በእርሻው ሁሉ ላይ ከመበተን ከዘሩ አጠገብ በመስመር ማድረግ ይሻላል። በማዳጋስካር የተሞከረ አንድ ዘዴም አለ፤ የሩዙ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ሥሩ ማዳበሪያ በተቀላቀለበት ጭቃ ውስጥ ይነከራል፤ እንዲህም ሆኖ ሲተከል ስንቁን በሥሩ ላይ ይዞ ይሄዳል።

ፎስፎረሱ ወዴት ሄደ?

ከእርሻ የወጣው ፎስፎረስ አልጠፋም፤ ቦታ ለውጧል። ከገጠር የመጣው ጤፍና ሩዝ በአዲስ አበባ ተበልቶ፣ ብዙው ፎስፎረሱ ከፍሳሽ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይህን ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ያደርሱታል፤ በዚያም እምቦጭ ይመገበዋል። በጣና ሐይቅም፣ በዚያው በፎገራ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታወቀው እምቦጭ ከሚመገባቸው ነገሮች አንዱ ከእርሻ በጎርፍ ታጥቦ የወረደው ፎስፎረስ ነው። በማሳው ላይ ሩዙ የተራበውን በሐይቁ ላይ አረሙ ይጠግበዋል።

በአቃቂ የሚኖር ተማሪ ይህን ነገር ከወንዙ ዳር ቆሞ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ የወንዙን ውሃ ወይም የፍሳሹን ዝቃጭ እንዲሁ ወስዶ በአትክልት ላይ ማፍሰስ መፍትሔ አይደለም፤ ከፋብሪካዎች የሚወጡ ጎጂ ብረታ ብረቶች ተቀላቅለውበታልና። የተጣራውን ከቆሸሸው መለየት ለወደፊት ኬሚስቶችና መሐንዲሶች የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ግን አለ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢስ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎረሱ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱን ከቆሻሻ ጋር የሚጥል ሰው ከውጭ አገር በገንዘብ የሚመጣውን ነገር ይጥላል። አጥንትም በአብዛኛው የተሠራው ከካልሲየምና ከፎስፎረስ ነው። በግቢ ውስጥ አመድን፣ ፍግንና የወጥ ቤት ጥራጊን ለጓሮ አትክልት መመለስ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ሩዝ በረኃብ ጊዜ የሚያደርገውን በአጭሩ ብንደግመው፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ሥሩን ይዘረጋል፣ የታሰረውን ይፈታል፣ ያለውን ይቆጥባል፣ ረዳትም ይጠራል። አንድ የማይችለው ነገር ቢኖር የሄደውን ፎስፎረስ ወደ ማሳው መመለስ ነው። እርሱ የሰው ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ በዕውቀት የሚፈጽሙ የአፈር ሊቃውንት፣ ዘር መራጮችና መሐንዲሶች ለአገራችን ያስፈልጓታል፤ ከእኛም መካከል ይወጡ ዘንድ ትምህርታችንን በርትተን እንያዝ።